ቆርኪው ሲኒ ሲሆን፦ እቃ እቃ ስንጫወት ጭንቅላታችን ምን ይሠራል?

ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ያደገ ልጅ ለእቃ እቃ የሚሆን ዕቃ አጥቶ አያውቅም። ለአጥርና ለጭቃ ቤት የሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ሲላጥ ልጣጩ መሬት ላይ ይከመራል፤ ሰፋ ሰፋ ያለውን መርጠን እንጀራ እናደርገው ነበር። የተሰበረ ቀይ ጡብ በድንጋይ ሲፈጭ በርበሬ ይወጣዋል። የሰርዲን ቆርቆሮ ድስት ነው፣ የለስላሳ ቆርኪ ሲኒ ነው፣ ያገኘነው ቅጠል ሁሉ ጎመን ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ራሱ ሊጥ ነው፤ አቡክተን፣ ጠፍጥፈን፣ ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቃለን። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ግን የጋገርነው ድፎ ይሰነጣጠቃል። (ለምን እንደሚሰነጠቅ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ውሃው ሲተን ይኮማተራል፤ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይቀደዳል። ያኔ የምናውቀው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፦ ሊጡ አልቦካም።)

ልብሱስ? የእናቴ አሮጌ ነጠላ፣ የአባቴ እጅጌው ጉልበቴን የሚያልፍ ኮት፣ እና ጥንዱ የጠፋ አንድ ባለ ተረከዝ ጫማ። ጫማው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ከሰልባጅ ጥቅል ውስጥ ይሆናል። ሙሽራ የምትሆነው ልጅ እሱን በአንድ እግሯ አጥልቃ እያነከሰች ትዳራለች። የግድግዳ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከነሱ ቤት የሚያብረቀርቅ ሻሽ፣ ከኛ ቤት ነጠላ ይመጣና ሠርጉ የሁለቱም ቤት ሠርግ ይሆናል። እህቴ ደግሞ ከበቆሎ እሸት የተሠራች አሻንጉሊት ነበረቻት፤ ፀጉሯ ረጅም ስለሆነ ሹሩባ ትሠራላታለች። አሻንጉሊቷ ከሦስት ቀን በላይ አትቆይም። ወይ ትጠወልጋለች፣ ወይ ትጠበሳለች።

ይሄን ሁሉ ያስታወሰችኝ እዚያው ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ናት። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። ልጅቷ የምትማርበት መዋእለ ሕፃናት "ጨዋታ ታበዛለች፤ ፊደል ቁጠሪ ስትባል 'ቆይ ደንበኛ መጣብኝ' ትላለች" የሚል ማስታወሻ ላከ። እናትየው ተናደደች። ደረጃ ሥር የነበረውን የቆርኪና የጣሳ ካርቶን አንስታ ለቁራሌው ሰጠችው። ልጅቷ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን እናትየው መጥታ በሬን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ መቼም አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ይሄ ነገር ይጎዳታል ወይስ ይጠቅማታል? የሚጠቅማትስ ከሆነ መርካቶ ያየሁትን የፕላስቲክ ማድቤት ልግዛላት?"

አፌ ላይ የመጣው መልስ "እንዴት አይጠቅማትም! ጎበዝ ያደርጋታል" የሚል ነበር። ከዚያ ግን ቆም አልኩ። ማስረጃው ይሄን ያህል ያስተማምናል እንዴ? እስቲ አብረን እንየው።

ሙዝም ነው፣ ስልክም ነው

መጀመሪያ ልጅቷ የምትሠራውን ነገር እንመልከት። ቆርኪ አንስታ "ቡና ጠጡ" ስትል ቆርኪው ቆርኪ መሆኑን ረስታ አይደለም። በእውነት ሲኒ ቢመስላትማ "ቡናው የት ሄደ?" ብላ ታለቅስ ነበር። ቆርኪ መሆኑንም ታውቃለች፣ ሲኒ መሆኑንም ታውቃለች። ሁለቱን አንድ ላይ ይዛ አንዱ ሌላውን አያበላሽባትም።

ይሄ ለኛ ቀላል ይመስለናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አላን ሌስሊ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩ እንቆቅልሽ መሆኑን አሳየ። የሁለት ዓመት ሕፃን አስቡ። ገና ዓለምን እየተማረ ነው፦ ሙዝ ምንድን ነው? ይላጣል፣ ይበላል። ስልክ ምንድን ነው? ያወራል። በዚህ መሀል እናቱ ሙዝ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "ሃሎ!" ትላለች። ሕፃኑ ይሄን እንደ እውቀት ቢመዘግበው የሙዝም የስልክም ትምህርቱ ተበላሸ ማለት ነው። ነገር ግን አይበላሽም፤ ይስቃል፣ ሙዙን ተቀብሎ እሱም "ሃሎ" ይላል፣ ሲጨርስ ልጦ ይበላዋል።

የሌስሊ መልስ እንዲህ ነበር፦ ጭንቅላት የነገሩን ቅጂ ያወጣና ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ቅጂ ላይ የሚደረገው ወደ ዋናው እውቀት አይገባም። ሒሳብ ስትሠሩ ከደብተሩ ጎን የምትይዙትን የሙከራ ወረቀት አስታውሱ። እዚያ ላይ የፈለጋችሁትን ትጭራላችሁ፣ ትሰርዛላችሁ፤ ደብተሩ ግን ንጹሕ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን እንዲህ ዓይነት የሙከራ ወረቀት አለው ማለት ነው። ማንም ሳይሰጠው!

ሌስሊ ይሄን የፈተነበት መንገድ ደስ ይላል። ሁለት ባዶ ኩባያ ይቀመጣል። ተመራማሪውና ሕፃኑ ሁለቱንም እንደሞሉ ያስመስላሉ። ከዚያ ተመራማሪው አንዱን አንስቶ ይደፋዋል፣ ያራግፈዋል፣ መልሶ ቦታው ያስቀምጠዋል። "ሙሉው የትኛው ነው? ባዶውስ?" ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበሩ። ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሕፃናት ግን የተደፋውን እያሳዩ "ባዶው ይሄ ነው" ይላሉ። የሌለ ነገር ሲፈስ ተከታትለዋል፤ የሌለ ነገር ከሌለ ነገር ቀንሰዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ፊደል ከመቁጠር ይሄ አይቀልም።

ጅማሬው ደግሞ ከሁለት ዓመትም በፊት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የራሱን ልጆች ዕለት በዕለት እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣው መጽሐፉ ላይ ስለ ልጁ ዣክሊን ጽፏል። አንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ላይ ጫፉ ትራሷን የሚመስል ጨርቅ ታያለች፤ ጨብጣው አውራ ጣቷን እየጠባች ትተኛለች፣ ዓይኗን ሳትከድን አልፎ አልፎ ብቻ እርግብ ታደርገዋለች። ግን ትስቃለች። ሳቋ ነው ምስጢሩ። የተኛ ሰው አይስቅም፤ "አውቄ ነው" ማለቷ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋ በጨርቅ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ልብስ እንመለሳለን።

"እናት እኔ ነኝ!"

ሦስት አራት ዓመት ላይ ጨዋታው ብቻውን መሆኑ ይቀርና ከሌሎች ጋር ይሆናል። ጭቅጭቁም አብሮ ይመጣል። እናት ማን ትሁን? ሕፃኑ ማን ይሁን? (ሕፃን መሆን የሚፈልግ የለም፤ ሁልጊዜ ትንሹ ይገደዳል።) እኛ ሰፈር ግማሹ ጊዜ የሚያልቀው በድርድር ነበር። "እሺ አሁን አንተ ከሥራ መጣህ፣ ደክሞሃል፣ እኔ እግርህን ላጥብህ።" "አይ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፤ ክፍለ ሀገር ነው ያደርኩት።" ፊልም ላይ ደራሲ፣ አዘጋጅና ተዋናይ ሦስት ሰው ነው፤ እቃ እቃ ላይ ግን አንድ ልጅ ሦስቱንም ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከጻፉት ሁሉ የምወደው ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ንግግር አደረገ፤ በዓመቱ ገና በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በንግግሩ ውስጥ ስለ ሁለት እህትማማቾች ያነሳል፤ አንዷ አምስት፣ ሌላዋ ሰባት ዓመቷ ነው። "ነይ እህትማማች እንጫወት" ይባባላሉ። እንዴ! እህትማማቾች አይደሉም እንዴ? ናቸው። በየቀኑ ኑሯቸው ግን እህትማማችነታቸውን አያስቡትም፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሲጫወቱት ጊዜ ነው "እህት ማለት ምን ታደርጋለች?" የሚል ጥያቄ የሚመጣው። አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፣ አነጋገራቸውን ያመሳስላሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ያልተጻፈ ሕግ ያወጣሉ፤ ሕጉንም ያከብራሉ።

ልጆች ሲጫወቱ ያሻቸውን የሚያደርጉ ይመስለናል። ቪጎትስኪ የሚለን ተቃራኒውን ነው። ቆርኪ ውስጥ ያለው ቡና "ትኩስ" ከሆነ እፍ ብለህ ነው የምትጠጣው፤ ዝም ብለህ ከጠጣህ "ኧረ ተቃጠልክ!" ትባላለህ። ሙሽራ ከሆንሽ ጮክ ብለሽ አትስቂም። እቤትሽ አንድ ደቂቃ መቀመጥ የማትችይ ልጅ በጨዋታ ግማሽ ሰዓት አንገትሽን ደፍተሽ ትቀመጫለሽ። ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ደግሞ እቃ እቃው እየቀረ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞና ድብብቆሽ ይተካል። እነዚህ ጨዋታዎች ሕጋቸው ፊት ለፊት ነው፤ እቃ እቃ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ሕግ አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ ጨዋታ ውስጥ ሁልጊዜ እናት የምትሆነው እሷ ነበረች፤ ማንም አይከራከራትም። ድስቱን እንዴት እንደምታማስል፣ ልጅ እንዴት እንደምታዝል፣ "ውጭ ብርድ ነው ልበሱ" ስትል ድምጿ እንዴት እንደሚሆን ሁሉ ታውቃለች። ጎበዝ ተዋናይ ትመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ፦ እናታችን ገበያ ስትውል በስምንት ዓመቷ እውነተኛውን ሕፃን የምታዝለው እሷ ነበረች። ከኛ ጋር ስትጫወት እናት መሆንን እየተለማመደች አልነበረም። ምናልባት ለአንድ ሰዓት ያህል ሲደክማት "ተጫውቼ ጨረስኩ" ማለት የምትችልበት እናትነት ፈልጋ ይሆናል። ጠይቄያት አላውቅም።

ኮት የለበሰው ልጅ

አሁን ወደ ልብሱ። የአባቴን ኮት ስለብስ ድምጼ ይወፍር ነበር። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እራመዳለሁ፤ ሌላው ቀርቶ ውሻ አልፈራም። ኮቱ ምን አደረገኝ?

እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ከዚህ ጋር ይገናኛል። ተመራማሪዎቹ የአራትና የስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 180 ልጆች ለአሥር ደቂቃ አሰልቺ የኮምፒውተር ሥራ ሰጧቸው። ሥራው ጠቃሚ እንደሆነ ይነገራቸዋል፤ ሲሰለቻቸው ግን አጠገባቸው ባለ ታብሌት ላይ ደስ የሚል ጌም መጫወት ይፈቀድላቸዋል። ልጆቹ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛዎቹ በየመሀሉ ራሳቸውን "እየሠራሁ ነው?" ብለው እንዲጠይቁ ተነገራቸው። ሁለተኛዎቹ በስማቸው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ "እገሌ እየሠራ ነው?" ብለው እንዲጠይቁ። ሦስተኛዎቹ የሚወዱትን ጀግና መርጠው እሱን እንዲሆኑ ተደረገ፤ ባትማን፣ ዶራ፣ ግንበኛው ቦብ ወይም ራፑንዘል። የጀግናውን መለያ ልብስ ወይም ዕቃ ያደርጋሉ፤ ጥያቄያቸውም "ባትማን እየሠራ ነው?" የሚል ነው።

በሥራው ላይ ብዙ የቆዩት ካባ ለባሾቹ ሆኑ። በስማቸው የጠየቁት መሀል ላይ፣ "እኔ" ያሉት መጨረሻ ላይ ወጡ። የስድስት ዓመቶቹ ከአራት ዓመቶቹ የተሻለ መጽናታቸውም የሚጠበቅ ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ልጁ ሌላ ሰው ሲሆን ከራሱ ትንሽ ይርቃል። ጌሙ የሚያጓጓው እሱን ነው፤ ባትማንን አይደለም። ከሩቅ ሲታይ ፈተናው ያንሳል።

ከዚህ ተነስታችሁ "ልብስ ሰውን ይቀይራል" ብላችሁ እንዳትሮጡ። ስለ ልብስ ብዙ የተወራለት ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይሄ ጥናት ነጭ ጋውን የለበሱ አዋቂዎች ትኩረታቸው ይጨምራል፤ በተለይ "የሐኪም ጋውን ነው" ከተባሉ፣ አለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ሙከራ በብዙ ሰው ላይ ሲደግሙት ያ ውጤት አልተገኘም። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር እስኪደገም ድረስ ወሬ ነው። የባትማኑም ጥናት ቢሆን የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ካባ የለበሰ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ ተማሪ ይሆናል አላለም።

እኔ ስለ ልብስ ሌላም ትዝታ አለኝ፤ ይሄኛው ብዙም አያስቅም። አንድ ቀን ሴት ልጅ ስለጎደለን የእናቴን ነጠላ ተከናንቤ አያት ሆንኩ፤ ቡና አፈላሁ፣ መረቅሁ። ትልልቆቹ ወንዶች አይተው ለሳምንታት አላገጡብኝ። ከዚያ በኋላ እቃ እቃ ውስጥ የሚሰጠኝ ሥራ ዘበኝነት ብቻ ሆነ። በዚያው ሰሞን በቴሌቪዥን ተረት የሚያወሩልን አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ በወጣትነታቸው ሴት ተዋናይ መድረክ ላይ ባልተለመደበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ባውቅ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። የልጆች ሁሉ አባት የተባሉት ሰው ቀሚስ ለብሰው አጨብጭቦላቸው የነበረ ሕዝብ ነው ያለን።

ታዲያ ጎበዝ ያደርጋታል?

የጎረቤቴ ጥያቄ ይሄ ነበር። ብዙ የመጫወቻ ማስታወቂያ፣ ብዙ የወላጅ ምክር "የማስመሰል ጨዋታ አእምሮን ያዳብራል፣ ፈጠራን ይጨምራል" ብሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንጀሊን ሊላርድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በጉዳዩ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች አንድ በአንድ መረመረች። የደረሱበት ነገር ብዙ ሰው አስከፋ፦ ማስረጃው ከሚወራው ያነሰ ነው። አንዳንዱ ጥናት ጥቂት ልጆችን ብቻ ያየ ነው። በአንዳንዱ የትኛው ልጅ እንደተጫወተ የሚያውቀው ሰው ራሱ ፈታኝ ነው፤ ሳያውቀውም ቢሆን ለተጫወቱት ማድላቱ አይቀርም። ለቋንቋና ታሪክ ለመተረክ ሊረዳ ይችላል የሚለው ሐሳብ በሩ አልተዘጋበትም፤ ብልህነትንና ፈጠራን ይጨምራል የሚለው ግን ጠንካራ እግር አላገኘም።

ሊላርድና ባልደረቦቿ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል ይላሉ። በኛው ምሳሌ ላስረዳ። ከኮልፌ መርካቶ መሄድ ፈለጋችሁ እንበል። አንደኛው ግምት፣ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በእቃ እቃ በኩል ያላለፈ ልጅ አይደርስም። ሁለተኛው፣ መንገዱ ብዙ ነው፤ በታክሲም፣ በአውቶብስም፣ በእግርም ይደረሳል፤ እቃ እቃ ከነዚያ አንዱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንደ ጭስ ነው። በእንጨት ሽሮ በሚሠራበት ቤት ሁሉ ጭስ አለ፤ ሽሮውን ያበሰለው ግን እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም። ብዙ የሚጫወቱ ልጆች ጎበዝ ሆነው የተገኙት ብዙ የሚያወራቸው፣ ጊዜ የሚሰጣቸው ሰው አጠገባቸው ስላለ ይሆናል፤ ጨዋታው የዚያ ጭስ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ገና አልተፈረደም።

ይሄን ሰምታችሁ የመዋእለ ሕፃናቱን ማስታወሻ ትክክል ነበር እንዳትሉ። እነዚሁ ተመራማሪዎች እዚያው ጽሑፍ ላይ፣ ለትንንሽ ልጆች እስካሁን ከታወቁት የማስተማሪያ መንገዶች የተሻለው በእጅ የሚነካ፣ ልጁ ራሱ የሚመራው ትምህርት ነው ብለዋል። አግዳሚ ላይ ተደርድሮ መቁጠር ማለታቸው አይደለም። "ደንበኛ መጣብኝ" የምትል ልጅ መልስ መስጠት አለባት፤ መልስ ደግሞ ሒሳብ ነው። መምህሯ ደንበኛ ብትሆን ኖሮ ፊደሉም በደረሰኝ መልክ ይጻፍ ነበር።

ጨዋታና ሥራ

ሁሉም የዓለም ልጅ አንድ ዓይነት ይጫወታል ማለትም አይደለም። ሱዛን ጋስኪንስ ሜክሲኮ ውስጥ በሚኖሩ የዩካታን ማያ ልጆች መሀል ባደረገችው ጥናት የማስመሰል ጨዋታ አነስተኛ ሆኖ አግኝታዋለች፤ ልጆቹ የአዋቂዎቹን እውነተኛ ሥራ አጠገባቸው ሆነው ያያሉ፣ ይሳተፉበታል። በኛም አገር ታደሰ ጃለታ ጅራታ በጉጂ ኦሮሞ ልጆች ተረት፣ እንቆቅልሽና ጨዋታ ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች ጨዋታና ሥራ አብረው ሲሄዱ ይታያሉ፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እየጠበቀ ይጫወታል፣ እየተጫወተ ይጠብቃል። የልጆችን ጨዋታ መመዝገብም ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ስለ አበሻ ጨዋታዎች የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ዕቃዎቹን ያሳየበት ቅደም ተከተል በሰው ዕድሜ ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ልጅነት ነው። ካልሄዳችሁ ሂዱ።

ሊላርድ ከሌሎች ጋር ሆና በ2018 ያሳተመችው ሌላ ጥናት ደግሞ ቀጥታ ልጆቹን ጠየቀ። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው 100 ልጆች ምርጫ ቀረበላቸው፦ በእውነት አትክልት መክተፍ ወይስ እንደከተፉ ማስመሰል? በእውነት ፈረስ መጋለብ ወይስ ማስመሰል? አብዛኞቹ እውነተኛውን መረጡ፤ ከአራት ዓመት ወዲያ ምርጫው ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ማስመሰልን የመረጡት አንዳንዶቹ ምክንያታቸው ፍርሃት ነበር፤ ቢላዋ ይቆርጣል፣ ፈረስ ይጥላል።

ይሄ እኔን አልገረመኝም። የጡብ በርበሬ እየፈጨን ልባችን የነበረው እናታችን ሙቀጫ ላይ ነው። ብንጠየቅ ኖሮ ሙቀጫውን እንመርጥ ነበር። የእህቴ ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣብኛል። እውነተኛውን ሥራ መንካት ለልጅ ደስታ ነው፤ መርጦ ሲነካውና ሲሰለቸው ማስቀመጥ ሲችል። ልጁ ጀርባዋ ላይ ታስሮ ሲውል ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ያልኳት ይሄን ነው። የመጀመሪያው፣ አይጎዳትም። የሁለተኛው፣ ጎበዝ ያደርጋታል ብዬ አልምልልሽም፤ ግን ስትጫወት የምትሠራው ሥራ ከባድ ሥራ ነው፣ እሷም ትወደዋለች፤ ይሄ ብቻውን አይበቃም? ሦስተኛው፣ የፕላስቲክ ማድቤቱን አትግዢ። ቪጎትስኪ እንዳለው ለትንሽ ልጅ ዱላ ፈረስ የሚሆነው በሁለት እግር መሀል ስለሚገባና ስለሚጋለብ ነው፤ ፖስት ካርድ ፈረስ አይሆንም። ዕቃው የሚጠየቀው ድርጊቱን እንዲችል እንጂ መልኩን እንዲመስል አይደለም። ቆርኪ ክብ ነው፣ ጎድጎድ ያለ ነው፣ በሁለት ጣት ይያዛል፤ ለሲኒነት ሌላ ምን ያስፈልጋል? ነገ ደግሞ ያው ቆርኪ ብር ይሆናል፣ ማግሥቱን የመኪና ጎማ ይሆናል። የፕላስቲኩ ምድጃ ግን ሁልጊዜ ምድጃ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤቷ ጋር "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ስትጀምር እነዚያ በ2006 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን ላይ የወጡ አሻንጉሊቶች ከካልሲ የተሠሩ ነበሩ። አገር ሙሉ ልጅ ካልሲ መሆናቸውን እያየ ቀጭኔ ናቸው ብሎ ተቀበለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጨመርኩላት፦ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባለበት ቆርኪና ብይ አይቀመጥም፣ ያንቃል፤ የሰዓት ክብ ባትሪማ በጭራሽ፣ ከተዋጠ ጉሮሮ ያቃጥላል። ከቆሻሻ የተነሳ መርፌ ይዞ "ሐኪም ሐኪም" መጫወትም እኛ አድርገነዋል፤ እናንተ እንዳታደርጉት።

ካርቶኑ ከቁራሌው ተመልሶ አልመጣም፤ እስካሁን ቆርኪዎቹ ቀልጠው ሌላ ነገር ሆነው ይሆናል። እናትየው ግን ከሰፈሩ ግሮሰሪ አንድ ፌስታል ቆርኪ አምጥታ ደረጃ ሥር አስቀመጠች፤ አሮጌ ነጠላም ጨመረችበት። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ልጅቷ ነጠላውን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ተቀምጣለች። ሌላ ጊዜ "አንተ" ነው የምትለኝ።

"ይግቡ ጋሼ፣ ቡና ደርሷል፣ አረፍ ይበሉ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቆርኪዬን ተቀብዬ እፍ አልኩበት፤ ቀመስኩት።

"ስኳር የለውም እንዴ?"

"ስኳር ተወዷል" አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። "በጨው ይጠጡ።"